የደንበኛ ነው ያልኩት ቀሚስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ታላቅ እህቴን ሙሉን ዋሸኋት። የእርግዝና ቀሚሴን ሰፍቼ ጨርሼ፣ የቀረኝ ግርጌውን መለካት ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ለብሼው ራሴ ልለካ ባጎነበስኩ ቁጥር አብሮኝ ይሳባል። ሙሉ ከዓለም ባንክ ሰፈር ልትጠይቀኝ መጣች። ቁመታችን አንድ ስለሆነ "የደንበኛ ቀሚስ ነው፣ እስቲ ልበሽልኝ" አልኳት። አምስተኛ ወሬን መያዜን እስካሁን አታውቅም። ባለፈው ክረምት ፅንሷ ከጨነገፈ ወዲህ ልነግራት እልና እተወዋለሁ።

ለበሰችው። ከዚያ ሳልጠይቃት የሶፋውን ትራስ አንስታ ቀሚሱ ውስጥ፣ ሆዷ ላይ ወሸቀችው።

"ሆድ ሲገፋ ቀሚስ ከፊት ያጥራል። እንዲህ ሆኜ ለኪው።"

ሰፊዋ እኔ፣ ያሰበችው እሷ። ተንበርክኬ ዙሪያውን እስፒል ስሰካ፣ እሷ ትራሱን በሁለት እጇ ደግፋ መስታወት ታያለች። ጨርሻለሁ ማለት አቃተኝ። የሰካሁትን እየነቀልኩ እንደገና ሰካሁት።

በመጨረሻ አወለቀችውና በጥንቃቄ አጥፋ ሰጠችኝ። "ማርያም በሽልም ታውጣት" አለች።

"አሜን" አልኩ። ለደንበኛ የማይባል ዓይነት አሜን ነበር።

ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። "ደረቱን ግን ሰፋ አድርጊው። ያንቺ ከኔ ይበልጣል።"

ሌላ ጊዜ እስከ 18 ማዞሪያ ሸኝቼ ታክሲ ሳላሳፍራት አልመለስም። ዛሬ ቀሚሱን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቀረሁ።