ያልዘነበው ዝናብ ከተጨማሪ በጀቱ እንዲወጣልን

ቀን፦ ኖቬምበር 12 ቀን 2019

ለክቡር የራስ ኤል-ቃንጣራ ከተማ ከንቲባ
ግልባጭ፦ ለምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ
ለጎርፍ ማፋሰሻ ዕቅድ ክፍል
ራስ ኤል-ቃንጣራ

አመልካች፦ ላሚን ገርሳላ፣ ጡረተኛ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ
አድራሻ፦ ኤል-ሁፍራ ሰፈር፣ የቆዳ ፋቂዎች መንገድ፣ የቤት ቁጥር 31

ጉዳዩ፦ ኦገስት 9 ቀን 2018 ያልዘነበው ዝናብ ከጎርፍ ማፋሰሻ ዕቅዱና ከተጨማሪ በጀቱ እንዲሰረዝ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2019 የዘነበው ደግሞ እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ክቡርነትዎ በሥራ እንደተወጠሩ እያወቅሁ ጊዜዎን የምሻማው ወድጄ አይደለም። ምክር ቤቱ የፊታችን ሰኞ ተጨማሪ በጀቱን ሊያጸድቅ ነውና ሳይረፍድ እውነቱን ላስቀድም ብዬ ነው።

እኔ አመልካች በባቡር ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሳገለግል ያለ ትኬት የተሳፈረ ዘመድ እንኳ አላሳለፍኩም። የባለቤቴን ወንድም ሊወርድበት ሁለት ጣቢያ ሲቀረው አስወርጄዋለሁ፤ ባለቤቴ መህሪዚያ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ይህን የምጠቅሰው ለመታበይ አይደለም። ከዚህ በታች የምናዘዘውን ጥፋት የፈጸምኩት በቸልተኝነት ሳይሆን በጥንቃቄ ብዛት መሆኑን ክቡርነትዎ ከወዲሁ እንዲረዱልኝ ነው።

1. ኦክቶበር 5 ቀን 2017 ከዕቅድ ክፍሉ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ቤቴ ሰገነት ላይ አንድ ነጭ የዝናብ መለኪያ ተከሉ። መሣሪያው የሚወርድበትን ዝናብ እየለካ በስልክ መስመር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይልካል ተባልኩ። ለታችኛው ሰፈራችን በሙሉ ያለው መለኪያ ይህ ብቻ ነው። ቅጂው ከዚህ ጋር የተያያዘውን የርክክብ ወረቀትም አስፈረሙኝ። ወረቀቱ «የመንግሥት ንብረት የሆነውን ይህን መሣሪያ ከስርቆት፣ ከወፍ፣ ከአቧራ፣ ከእርጥበትና ከማናቸውም ጉዳት እጠብቃለሁ» ይላል። «ከእርጥበት» የሚለውን ክቡርነትዎ በትኩረት ይመልከቱልኝ። እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ።

2. በዚያው ወር የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲያስገመግም፣ ባለቤቴ ኩስኩስ የምታሽበትን ሰፊ ሳፋ ይዤ ሰገነት ላይ ወጣሁና መሣሪያው ላይ ደፋሁበት፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ጫንኩበት። መህሪዚያ ከደረጃው ላይ ሆና፣ «አንተ ሰውዬ! ዝናብ መለኪያ ነው እኮ ያሉህ!» አለችኝ።

«ይለካል አሉ እንጂ ይረጥባል አላሉም። ከእርጥበት እጠብቃለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ተከድኖ ምኑን ነው የሚለካው?»

«እሱ የመሐንዲሶቹ ጉዳይ ነው።»

እንዲህ አድርጌ ሁለት ክረምት ሙሉ አንዲት ጠብታ ሳላስነካ ጠብቄዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ገልጬ፣ በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ፣ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። መህሪዚያ ለኩስኩሷ ሌላ ሳፋ መግዛት ግድ ሆነባት፤ ይህን ወጪ ግን ከማንም አልጠይቅም።

3. ኦገስት 2018 ልጃችንን ሱንዱስን ዳርን። በወሩ በ9ኛው ቀን ለሙሽራዋ ፍራሽ የሚሆነው ሱፍ ሰገነታችን ላይ ታጠበ። የሰፈሩ ሴቶች የውሃ ጎማ ስበው፣ እየዘፈኑና እልል እያሉ ሱፉን ሲወቅጡና ሲያለቀልቁ ዋሉ። ወንድ ከሰገነቱ እንዲርቅ ታዝዞ ስለነበር እኔ በስፍራው አልነበርኩም። ኦገስት በእኛ አገር ዝናብ የማይጥልበት በጋ በመሆኑም መሣሪያው ክዳን አልነበረውም። በኋላ እንደተረጋገጠው፣ ከሴቶቹ አንዷ ውሃ ያዘለውን ሱፍ ለማንጠፍጠፍ የሚያመች መስሏት ሦስት ሰዓት ሙሉ መሣሪያው አናት ላይ ከምራው ኖሯል። የሴትዮዋን ስም አውቃለሁ፤ ነገር ግን የባለቤቴ እህት ስለሆነች፣ በወንድሟም ምክንያት የደረሰብኝ ስለሚበቃኝ፣ እንዳልጠቅስ ይፈቀድልኝ።

4. ኦክቶበር 17 ቀን 2019 ዕቅዱ ለሕዝብ በቀረበበት ስብሰባ እኔና ባለቤቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠን ነበር። መሐንዲሷ ወይዘሪት ኢንሳፍ የሰፈራችንን የዝናብ ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ባቡር ሐዲድ የተዘረጋ መስመር ይታያል፤ መሐሉ ላይ እንደ መስጊድ ሚናሬት ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ነገር አለ።

«ኤል-ሁፍራ ልዩ ሰፈር ነው» አለች። «በክረምት ፍጹም ደረቅ ነው። ኦገስት 9 ቀን ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ዘንቦበታል። እንዲህ ያለ የበጋ ማዕበል በከተማችን ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።»

ከዚህም ተነስታ ሁለት ነገር አስታወቀች። አንደኛ፣ የቆዳ ፋቂዎች መንገድ የክረምት ጎርፍ ስለማያሰጋው ከመጀመሪያው ዙር የማፋሰሻ ቦይ ሥራ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ የበጋውን ማዕበል የሚያጠና ባለሙያ ከውጭ አገር ለማስመጣት ለዕቅድ ሥራው አንድ መቶ ሰማንያ ሺህ ዲናር ተጨማሪ በጀት ያስፈልጋል።

ይሄኔ መህሪዚያ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። «ላሚን! ይሄ እኮ የሱንዱስ ሱፍ ነው!»

ተነስቼ ልናገር እጄን አወጣሁ። ወይዘሪት ኢንሳፍ ግን ቀደመችኝ። «ክቡራትና ክቡራን፣ መሣሪያውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የጠበቁልን ሲ ላሚን እኒህ ናቸው» ብላ፣ በ«ሲ» አክብራ ጠርታ አስጨበጨበችልኝ። እጄ እንደተነሳ ነበርና ለምስጋና አወዛወዝኩት። ክቡር ከንቲባ፣ በዚያ አዳራሽ መናገር ሲገባኝ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለዋል።

ያልፈሩት የሰማንያ አንድ ዓመቷ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ አክስቱ አድርጎ ኻልቲ ቱርኪያ የሚላቸው። ከኋላ ተነሱና፣ «ልጄ፣ ደረቅ ነው የምትይው እኔ በየዓመቱ አልጋዬን ጡብ ላይ የምሰቅልበትን ሰፈር ነው?» አሏት።

«እናቴ፣ መረጃው እንደዚያ አይልም።»

«እንግዲያው መረጃው ይምጣና እኔ ቤት ይደር።»

5. በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ወደ ዕቅድ ክፍሉ ተመላለስኩ። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ በትህትና ቢያነጋግረኝም ልንግባባ አልቻልንም።

«ዝናብ መመዝገቢያ ቅጽ አለን» አለኝ። «የዘነበ ዝናብ መሰረዣ ግን የለንም።»

«አልዘነበም እኮ ነው የምልህ!»

«ካልዘነበ ታዲያ ምኑን ነው የምንሰርዘው?»

እኔም በሥራ ዘመኔ ለተሳፋሪ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥቼ ስለማውቅ አመስግኜው ተመለስኩ።

6. ኖቬምበር 3 ቀን እሑድ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። እግሬ ልማዱን ይዞ ወደ ሳፋው ሲሄድ መህሪዚያ ሳፋውን ገልብጣ ተቀምጣበት አገኘኋት። «ዛሬ ይሄን ከነካህ፣ እኔ ወንድሜ ቤት ነኝ» አለችኝ። ሰገነት ወጣሁና መሣሪያው ሲደበደብ ቆሜ አየሁት። ልብስ ያልለበሰ ሕፃን ደጅ ጥዬ የመጣሁ መሰለኝ።

ብዙ ግን አልቆየሁም። ውሃው በቆዳ ፋቂዎች መንገድ ወንዝ ሆኖ ወረደ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ የኻልቲ ቱርኪያን መስኮት ነካ። ከሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ጋር በራቸውን ነቅለን፣ እሳቸውን በሩ ላይ አስተኝተን አወጣናቸው። ሁለት ዶሮዎቻቸውን ታቅፈው ነበር። ብርድ ልብስ ሲሸምኑበት የኖሩበት መሸመኛ ግን ጅምሩን እንደ ለበሰ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ዘንድ በሱንዱስ ክፍል ይተኛሉ። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ የሳፋውን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ።

«አንተ ሲ ላሚን! ለሰማዩ ክዳን ገጥመህለት ኖሯል!»

ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ቦዩ ቢቆፈር ኖሮ መሸመኛዬ አይሄድም ነበር» አሉ። ክቡር ከንቲባ፣ እኔ በበኩሌ ቢረግሙኝ እመርጥ ነበር። እኒያ ሴት ሁለት ክረምት በባልዲ የቀዱትን ውሃ ከመንግሥት መዝገብ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

7. ኖቬምበር 4 ቀን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዕቅድ ክፍሉ ስልክ ተደወለልኝ። ወጣት ድምፅ ነበር።

«ሲ ላሚን፣ መሣሪያዎ ተበላሽቷል። ትናንት ዘጠና አራት ሚሊ ሜትር ዘነበ እያለ ነው።»

«ዘንቧል እኮ ልጄ!»

«እርስዎ ሰፈር በክረምት አይዘንብም። የሁለት ዓመት መረጃ አለን።»

«አንተ ያለህበት ክፍል መስኮት አለው?»

«ምድር ቤት ነኝ።»

የተመዘገበው ዝናብ እንደተሰረዘ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን ቴክኒሽያን መጥቶ መሣሪያውን ነቅሎ እንደሚወስድ፣ የአዲሱ መሣሪያ ዋጋም በተጨማሪ በጀቱ ላይ እንደሚደመር ነገረኝ። መሰረዣ ቅጽ የለንም ያሉኝ ሰዎች በአንድ ጀምበር እውነተኛውን ዝናብ መሰረዛቸው ገርሞኛል፤ ክስ ግን አላቀርብም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትህትና የምለምነው፦

ሀ. የኦገስት 9ኙ ማዕበል የልጄ ፍራሽ መሆኑ ታውቆ ከዕቅዱ እንዲወጣ፣ የውጭ አገሩም ባለሙያ ካልተሳፈሩ እንዲቀሩ፤

ለ. የኖቬምበር 3ቱ ዘጠና አራት ሚሊ ሜትር ወደ መዝገቡ እንዲመለስ፤

ሐ. ምክር ቤቱ ተጨማሪ በጀት ማጽደቁ ካልቀረ፣ ገንዘቡ የቆዳ ፋቂዎችን መንገድ በትክክል ለመለካትና ከመጀመሪያው ዙር ለማስገባት እንዲውል። ዕቅድ ገንዘብ እንደሚፈልግ አልክድም። የምለምነው ዕቅዱ ኻልቲ ቱርኪያን አንድ ጊዜ እንዲጠይቃቸው ብቻ ነው፤ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከመኝታቸው ሳይነሱ ይናገራሉ፤

መ. መሣሪያው እንዳይነቀል፣ የርክክብ ወረቀቱም «ከእርጥበት» ከሚለው ቃል በኋላ «ከዝናብ በስተቀር» ተብሎ እንዲታረም፤

ሠ. በእኔ ላይ የሚወሰን ቅጣት ካለ በሕጉ መሠረት እንዲወሰን። የቅጣት ማቅለያ ምክንያት አላቀርብም፤ ባለቤቴ ግን ታቀርባለች፣ ደብዳቤዋም ተያይዟል።

ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን

ይህን አቤቱታ ላስገባ ጫማዬን ሳስር ዝናቡ ጀመረ። ጫማዬን ሳልጨርስ ከመንገዱ ጫፍ የመኪና ጥሩንባ ሰማሁ። መሣሪያውን ሊነቅል የተላከው ቴክኒሽያን፣ አቶ ዙሄይር፣ የመኪናው ሞተር ውሃ ውስጥ ጠፍቶበት በሩ አልከፈት ብሎት ነበር። እኔና ዳቦ ጋጋሪው በመስኮት ጎትተን አወጣነው። በአሁኑ ሰዓት ሱሪዬን ለብሶ (ቁመቱ አጥሮበታል) የባለቤቴን የሽምብራ ሾርባ እየጠጣ ነው። ኻልቲ ቱርኪያም ከመኝታቸው ሆነው፣ «መረጃው መጣ እንዴ?» እያሉ ያሾፉበታል።

በእኔ ስልክ ምድር ቤት ላለው ባልደረባው ደውሎ ነበር። ከወዲያ ምን እንደተባለ አልሰማሁም፤ ከወዲህ የተባለውን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «እኔ መሣሪያ አይደለሁም! አልተበላሸሁም! በመስኮት ነው የወጣሁት እያልኩህ!» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከዚያም ሳይጠየቅ እስክሪብቶ ለምኖ ከዚህ በታች በምስክርነት ፈርሟል። ቀለሙ የተንጠባጠበው እጁ ስላልደረቀ ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ የእሱንም ቃል ከተጠራጠረ፣ ክቡርነትዎ ራስዎ ብቅ ብለው ቢያዩልን ሰፈሩ በደስታ ይቀበልዎታል። ሱሪ ግን ይዘው ይምጡ፤ ሁለተኛው እኔ የለበስኩት ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

ላሚን ገርሳላ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
መህሪዚያ ገርሳላ (ፊርማ)
ኻልቲ ቱርኪያ (የአውራ ጣት አሻራ)
ዙሄይር፣ የማዘጋጃ ቤቱ ቴክኒሽያን (ፊርማ፣ የራሰ)