በእታገኝ ለቅሶ የምቀመጥበት

ዓርብ፣ ማርች 7፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
በሩን የከፈተው አጎቴ ጋሼ ተስፋዬ ነው። ገና ሳልስመው፣ በወንድነት የወጣልኝን የድሮ ስሜን ጠርቶ፣ ወንዶቹ ጋራዥ ናቸው፣ ወይ እዚያ ግባ ወይ ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ። እህቱ፣ አክስቴ እታገኝ፣ ትናንት አረፈች። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ እዚህ ባዕድ አገር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሰብለ ብላ የሰየመችኝም እሷ። አሁን መኪና ውስጥ ነኝ። የሴቶቹ ለቅሶ እስከዚህ ይሰማል። እኔ አላለቅስም።

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ሎውሪ ሰፈር። እንደ እኔ በተወለዱበት ጾታ የማይኖሩ፣ የትራንስ ሰዎች የሳምንት ስብሰባ። ጥቁር እኔ ብቻ፣ እንደ ሁልጊዜው። የትናንቱን ነገርኳቸው። አዘኑልኝ። አንዷ፣ ከእንዲህ ዓይነት ባህል ማምለጥሽ ጥሩ ነው አለች። ባህል ስትል እታገኝንም ጨምራ። ስንወጣ ፓርኪንግ ላይ ጥበቃው መታወቂያ የጠየቀው እኔን ብቻ። እሷ እጇን አውለብልባልኝ ሄደች።

እሑድ፣ ማርች 9፣ ረፋድ
ማስታወሻዬ፣ ዛሬ የመጣሁት በደህና ነገር ነው። በለቅሶው ቤት ጓሮ በር ኩሽና ገባሁ። ነጠላዬን ለበዓል እንደሚለበስ ጣል አድርጌ። ማን አስተምሮኝ። የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ እትዬ ወርቅነሽ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ቀና ብለው አዩኝ።
«ምነው፣ ሠርግ መሰለሽ? የእታገኝ ልጅ ሆነሽ ነጠላ ማዘቅዘቅ አታውቂም?»
ሽንኩርት በነካው እጃቸው ጥለቱን ወደ ላይ አዞሩልኝ። ከዚያ ወደ ሳሎን፦ «ጠጋ በሉላት እናንተ።»
ጠጋ አሉ። ሃያ ሴት። አንዷ ፍራሹ ላይ ጉልበቷን ሰበሰበችልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። በስንት ፎርም፣ በስንት ሐኪም ፊርማ የለመንኩት ሴት መባል በአንድ ቁጣ ተሰጠኝ። አለቀስኩ። ድምፄ ወፍራም ነው። ማንም ዞር አላለም። እስካሁን ይገርመኛል። አጎቴ በር ላይ ቆሞ አየኝ። እትዬ ወርቅነሽ፣ «ተስፋዬ፣ ምን ቆመሃል፣ ለወንዶቹ ውሃ ውሰድ እንጂ» አሉት። ወሰደ።

ሰኞ፣ ማርች 10
ቀብሩ ነገ ነው። አጎቴ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን ለዘመድ ሁሉ ላከ። ካሳደገቻቸው መካከል የድሮ ስሜ አለ። ደወልኩለት። ሰው ምን ይላል አለ። ሰው ትናንት አየኝ አልኩት። ጽሑፉን አስተካክዬ መልሼ ላክሁለት፦ እታገኝ ሰብለ የምትባል ሴት ልጅ አሳድጋለች። ይህ ካልተነበበ ተነስቼ ራሴ አነበዋለሁ።
ወገኖችሽን ካልተውሽ የሚለኝን የሎውሪዎቹን ሐዘኔታ ከእንግዲህ አልቀበልም። የእታገኝ ልጅነቴን በሌላ ስም የሚጽፍብኝን ሰውም፣ አጎቴም ቢሆን፣ አልቀበልም።