የመጽሔትህን ታሪክ ሌላ ሰው ጻፈው

ይልማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትህን አውጥተን፣ ልጃችን ሕይወት ወደ ሐዋሳ ሥራዋ ተመልሳ፣ ቤቱ ውስጥ እኔና ራዲዮው ብቻ ከቀረን ጀምሮ ልጽፍልህ እያሰብኩ ስተወው ቆየሁ። አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለ። የምታውቀውንም ጨምሬ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ፤ ሌሎች ከመጀመሪያው አጣመው ስለተናገሩት።

የልደታው ኮንዶሚኒየማችን እንደተውከው ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ የደረጃው መብራት ሲጠፋ በስልክ እያበራን እንወጣለን። በሰንጋ ተራ በኩል፣ አንተ ከምትቀመጥበት መስኮት ፊት ለፊት፣ ረጅም ሕንፃ ቆሞ የከሰዓቱን ፀሐይ ወስዶብኛል። ጠረጴዛህን አላነሳሁትም። ሕይወት ለሚፈልግ ሰው እንስጠው ብላኝ እምቢ አልኳት፤ ምሳዬን እዚያ ላይ እበላለሁ።

መጽሔትህም ተዘጋ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ይሻላል።

አንተና ሰይፉ ከውጭ አገር ትምህርታችሁ ተመልሳችሁ ኮሌጁ ውስጥ አንድ ጠባብ ቢሮ ስትጋሩ እኔ የትምህርት ክፍሉ ታይፒስት ነበርኩ። በአማርኛ የሚጻፍ የሥነ ልቦና መጽሔት ያስፈልገናል ብላችሁ ስትነሱ ብዙዎቹ ሳቁባችሁ። ለመጀመሪያው እትም የማባዣውን ስቴንስል የመታሁት እኔ ነኝ። «ጭንቀት» እና «ስጋት» አንድ ናቸው፣ አይደሉም እያላችሁ ከሰዓቱን ሙሉ ስትከራከሩ፣ እኔ እጄን ታይፑ ላይ ጭኜ እናንተ እስክትስማሙ እጠብቅ ነበር። ያን ቀን ነው መሰለኝ የወደድኩህ። ለአንድ ቃል ያን ያህል የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ስንጋባ ሰይፉ አንደኛ ሚዜህ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መጽሔቱ ከእኛ ጋር ኖረ። ከየክፍለ ሀገሩ መምህራን በፖስታ የሚልኩትን ጥናት መኝታ ቤታችን ድረስ ይዘኸው ትገባ ነበር። ልጅ የሞተባቸው እናቶች ከለቅሶው በኋላ ባሉት ወራት ምን እንደሚሆኑ የተጻፈውን ጥናት ስታርም እንባህ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። ጥናት የጠፋባቸው ዓመታትም ነበሩ። በአንዱ ዓመት ግማሽ እትም እንኳ የሚሞላ ጽሑፍ አጥተህ ሰይፉን «አንድ ነገር አምጣልኝ፣ ያለበለዚያ መቆማችን ነው» ብለህ ለመንከው። ሰይፉ አመጣልህ።

ያመጣው ትምህርት የሚጀምሩ ልጆችን አእምሮ መለኪያ ነው የተባለ ፈተና ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶች፣ በብዙ ልጆች ላይ ተሞክሯል ይላል። ሰው ሁሉ አደነቀው። መጽሔቱ እንደዚያ ተነቦ አያውቅም። ትምህርት ቤቶች ወሰዱት፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡትን ልጆች ለይተው ለብቻቸው ክፍል ማስቀመጥ ጀመሩ። አንተም በሰይፉ ኮርተህ ነበር።

ከዚያ ዘይነባ መጣች። ከታች ፎቅ የምትኖረው፣ መርካቶ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታችን። ልጇን ሰሚራን እጇን ይዛ በራችን ላይ ቆመች። «ጋሼ ይልማ፣ እርስዎ የዚህ ትምህርት አዋቂ ነዎት ይሉኛል። ልጄን ዘገምተኞች ክፍል አስገቧት። ምን ሆና ነው?» አለችህ።

ሰሚራን ደጋግመህ ከሥራ ስትመለስ ሶፋው ላይ አስቀምጠህ አጫወትካት። ቤታቸው የሚነገረው ስልጥኛ ነው፤ የፈተናው አማርኛ ግን ለእኛም የሚከብድ ነበር። ጥያቄውን በቀላል ቃል ስትነግራት ሁሉንም መለሰች። ዘይነባን «ልጅሽ ምንም አልሆነችም» ስትላት ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረህም። ፈተናው አማርኛ ቋንቋቸው ባልሆነ ልጆች ላይ ተሞክሮ እንደሆነ ለማየት ሰይፉን የልጆቹን የመልስ ወረቀት ጠየቅከው። መጋዘን ውስጥ ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል አለህ። ስማቸው የተጠቀሱት ትምህርት ቤቶች ጋ በየተራ ሄድክ። ከአንዱ በቀር በሁሉም የሰማኸው አንድ ነው፦ ማንም መጥቶ ልጆች አልጠየቀም።

ሰይፉን ቤት ጠራኸው። እኔም ነበርኩ። ምሳ ቀርቦ ማንም አልነካውም።

«ልጆቹን አይተሃቸዋል?» አልከው።

«ጥቂቶቹን አይቻቸዋለሁ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትም ከእነዚያ አይለዩም ነበር፣ ይልማ። ጊዜ አልነበረም። መጽሔቱ ሊዘጋ ነው ብለህ የለመንከኝ አንተ ነህ።»

ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ራስህ ጻፈው። እኔ ከምጽፈው አንተ ብትጽፈው ይሻላል» አልከው።

«ይህን ካወጣኸው እኔና አንተ የለንም» ብሎ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

በሚቀጥለው እትም አንድ አንቀጽ አወጣህ። ስድብ የለበትም፣ ጌጥም የለበትም። ጥናቱ ተጠየቁ ከተባሉት ልጆች አብዛኞቹን ሳይጠይቅ የቀረበ በመሆኑ መጽሔቱ ሰርዞታል፣ ፈተናውን የሚጠቀሙ ትምህርት ቤቶች እንዲያቆሙ ይለምናል፣ ያሳተመውም አዘጋጁ ራሱ ይቅርታ ይጠይቃል ይላል። ዘይነባ ያንን እትም ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሰ መምህሩ «እኛ የምንሠራው ከላይ በመጣልን ነው፣ በመጽሔት አይደለም» ብሎ መለሳት። ያ ክፍል በሌላ ምክንያት ሲፈርስ ሰሚራ ከእድሜ እኩዮቿ ብዙ ወደኋላ ቀርታ ነበር፤ ከትንንሾች ጋር አልቀመጥም ብላ ትምህርቷን ተወች። ይህን የሰማህ ቀን እራት አልበላህም።

በኮሌጁ ደግሞ ሰው ሁሉ ሰይፉን ይወድ ነበር። ሳቂታ ነው፣ ለተማሪ ይራራል፣ ለቅሶ አይቀርም። አንተ የጓደኛህን ገበና በአደባባይ ያወጣህ ሰው ሆንክ። የሚገመግሙልህ እምቢ አሉ፤ የሚጽፉልህ ጠፉ። መጽሔቱ እየሳሳ፣ እየዘገየ፣ አንዳንዴም ዓመት እየዘለለ ሄደ። አንተ ግን አርማታው ብቻ እንደቀረ ቤት በዝናቡም በፀሐዩም አቁመህ ይዘኸው ነበር።

ከዚያ ደም ግፊት ጣለህ። ቀኝ እጅህንና አንደበትህን ወሰደው። ለቃል ስትከራከር የኖርክ ሰው «ውሃ» ለማለት ስትታገል ማየት ምን እንደነበር አሁንም አልጽፈውም። ሰይፉ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀህም። ቀብርህ ላይ መጥቶ ከሰው ኋላ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ አየሁት።

አሁን ወደመጣሁበት ልመለስ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የድሮ ተማሪህ፣ ደወለልኝ። መጽሔቱ በይፋ ሊዘጋ ነው፤ የመጨረሻው እትም የመጽሔቱን ታሪክ ይይዛል፤ ከመሥራቾቹ በሕይወት ያሉት ዶክተር ሰይፉ ስለሆኑ እሳቸው ይጽፉታል አለኝ። ከሳምንታት በኋላ ሰይፉ ራሱ የጻፈውን ይዞ ቤት መጣ። አርጅቷል፤ ደረጃውን በከዘራ ነው የወጣው። ሻይ አቀረብኩለት። ስለ ስቴንስሉ፣ ስለ ጠባቧ ቢሮ የጻፈውን ሲያነብልኝ፣ ልዋሽህ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ቀጠለና «ዶክተር ይልማ በመጨረሻ ዓመታቸው በሕመም ምክንያት የማመዛዘን አቅማቸው በመዳከሙ መጽሔቱን የጎዱ ውሳኔዎች ተወስነዋል» ብሎ አነበበ።

«ያንን አንቀጽ ሲጽፍ አልታመመም ነበር» አልኩት።

«አስቴር፣ ለሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል?»

«እኔ አልሞትኩም። አውጣው።»

እስክሪብቶ አውጥቶ ሰረዘው። ሰርዞም ወጣ።

የምረቃው ቀን፣ ወይም የመዝጊያው ልበለው፣ ሜክሲኮ አጠገብ ባለ አዳራሽ ነበር። ዘይነባን ይዣት ሄድኩ። እትሙን በር ላይ ሰጡን። እዚያው ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለ ሕመምህ የተጻፈው የለም። ስለ ሰረዝከው ጥናትም አንድ ቃል የለም። እንዲያውም መጽሔቱ ከሚኮራባቸው ሥራዎች መካከል ያ ፈተና ተጠቅሷል። ገጹን ለዘይነባ አሳየኋት። አንብባ እትሙን መለሰችልኝ።

ፎቶህን በፍሬም አድርገው ሸለሙኝ፤ አንድ ነገር እንድናገር ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። አልተዘጋጀሁም ነበር። እንዲህ አልኩ፦ «ይልማ ይህን መጽሔት የወደደው ስህተቱን መናገር ስለሚችል ነው። እዚህ የተመሰገነው ፈተና አብዛኞቹ ልጆች ሳይጠየቁ የተጻፈ ነው። ይልማ በደህና አእምሮው ሰርዞታል፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። በዚያ ፈተና ከትምህርት የወጣች ልጅ እናት አጠገቤ ተቀምጣለች።» ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። ያጨበጨበ የለም። ኃላፊው አመሰገነኝና መስተንግዶ ከኋላ መዘጋጀቱን ተናገረ። ሰው ወንበሩን እያንኳኳ ተነሳ።

ኮሪደሩ ላይ ሰይፉ ከዘራውን እያስቀደመ ደረሰብን። ዘይነባን አላያትም፤ ወለሉን ነው የሚያየው።

«የልጅቷ ስም ማን ነው?» አለኝ።

«ሰሚራ» አልኩት።

ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ስሙን ለራሱ የደገመው መሰለኝ። ከዚያ ወደ ደረጃው ሄደ።

ወደ ልደታ በእግራችን ተመለስን። መንገድ ላይ ዘይነባ «ሰሚራ ጋ ይመጣ ይሆን እትዬ አስቴር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እስካሁን አልመጣም። ሰሚራ አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት። እናቷ የሆነውን ስትነግራት ጨርቅ እያጠፈች «ቢመጣስ ምን ይጠይቀኛል?» ብላ ሥራዋን ቀጠለች፤ ዘይነባ ናት የነገረችኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው፣ ይልማዬ። የታተመው ታትሟል፤ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚቀመጠውም እሱ ነው። አንተ እንዳሸነፍክ ልነግርህ ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላሸነፍክም። እኔ ግን እስካለሁ ድረስ ስምህ በተነሳበት ቦታ ሁሉ ያችን አንድ አንቀጽ እንዴት እንደጻፍካትና ምን እንዳስከፈለችህ እናገራለሁ። ለሕይወትም ነግሬያታለሁ፤ እኔ ስደክም እሷ ትናገራለች። አልረሳህም። እንዳሉህም አላስታውስህም፤ እንደነበርክ ነው የማስታውስህ።

ባለቤትህ
አስቴር