አባባ የመለሱልኝ ጥያቄ

ሰኞ፣ ኅዳር 3፤ ጠዋት 2 ሰዓት

መጀመሪያ የአባባ የግፊት ኪኒን፣ ቀጥሎ የእኔ። ዳቦ። ሬዲዮ። ታደሰ ከሚኖርበት ከተማ፣ ከቤኤር ያዕቆብ ደወለ። አዲስ አበባ አንድ ጋዜጣ ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሠራን ነን። ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል። ሐኪሙ ግን ድሮ ብዙ አጭሰሃል ብሎ ሳንባውን በሲቲ ስካን አስመረመረው። ምንም ሳያመው ትንሽ ነገር ተገኘ። በጊዜ ነው፤ አውጥተውለታል። አንተንስ ለምርመራው ጠሩህ? አለኝ። አልጠሩኝም። ሳቀብኝ፦ «የኔን ፓኮ ግማሹን ስትጨርስ፣ ሳንባህን ቤት ትተህ ነበር የምትመጣው?»

ለምን እንዳልጠሩኝ ዐውቃለሁ፣ ደብተሬ። ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም።

ያው ቀን፤ ከሰዓት 10

እዚህ አገር በገባን ሰሞን ነው። ክሊኒክ። ነርሷ በአስተርጓሚ ትጠይቃለች። ሲጋራ? አፌን ሳልከፍት አባባ ቀደሙኝ፦ «የኔ ልጅ? በጭራሽ!» ኮራ ብለው። ባባት ፊት ማጨስ ቀርቶ አጨሳለሁ ማለትም ነውር። አያጨስም ተብሎ ካርዱ ላይ ተጻፈ፤ ከካርዱ ወደ ኮምፒዩተር ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አጨስኩ፤ ከሕንጻው ጀርባ፣ ከረሜላ በኪሴ ይዤ። ካቆምኩ ዐሥር ዓመት አልፎኛል።

የዝግጅት ክፍላችን ትዝ አለኝ። የታይፕ ኳኳታ። ቀለሙ ያልደረቀ የእርማት ወረቀት። በአንድ ክብሪት እንጨት ሦስት ሰው ይለኩሳል፤ ታደሰ ጣቱን እስኪፈጀው ይይዝልናል። ሲጋራው አይናፍቀኝም። እነዚያ ጎንበስ ያሉ ሦስት ራሶች ናቸው የሚናፍቁኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ክሊኒክ፤ እንደ ልማዳችን ሁለታችንም በአንድ ቀን። ዘውዲቱ፣ የአሁኗ አስተርጓሚ፣ ፋይሌን ከፈተች። የሳንባ ምርመራ ጠየቅኩ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ላጨሱ ሰዎች ነው። የርስዎ ፋይል ንጹሕ ነው!» አባባ ተቀበሏት፦ «ንገሪው እስቲ! እሱ የበሽታ ስም ከሰማ ይዞኛል ነው የሚለው።» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤሰደር፣ በዚህ አገር ቋንቋ «እሺ»፣ ብዬ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ብቻህን ሂድና ንገራቸው፣ አባትህ ምን አገባቸው፣ ይላል ታደሰ። ይቻላል። ግን አንድ ነገር ቢገኝብኝስ? አባባ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ሐኪሙን ሊሞግቱ ነው፤ ልጄ አጭሶ አያውቅም ብለው። በዘጠና ዓመታቸው። የማያውቁት ሰው ፊት። በጋዜጣችን የአንድ ሰው ስም ብንሳሳት በማግስቱ እርማት እናወጣ ነበር። ይሄ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፤ ጠዋት 3 ሰዓት

አሁን ዘውዲቱ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ዋይ ጋሼ! አለች፤ ከዚያ ሥራዋን ያዘች። በቀን ስንት? ስንት ዓመት? መቼ አቆሙ? እየደጋገምኩ መለስኩ፤ ስልኩ በደንብ አይሰማም፣ ጮህኩ። ፋይሉ ይስተካከላል። ምርመራውን ሐኪሙ ይወስናል፤ እሑድ፣ እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ ልሄድ ነው። አባባም ይመጣሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ማታ ሰንበት ሳይገባ እኔው እነግራቸዋለሁ። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ከየት እንደምጀምር ገና—

አባባ ጠሩኝ። የበረንዳው በር ክፍት ነበር። ማነው ይህን ሁሉ ዓመት ያጨሰው? ይላሉ።

መጣሁ አልኳቸው።