ከሞቱ በኋላ ሐሳባቸውን ስለቀየሩት ሚስተር ጋሮድ

ውድ አንባቢዎቼ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚህ በታች የምታነቡትን ሁሉ የሰማሁት የላም የኋላ እግር ሆኜ ነው። በመንደራችን አዳራሽ ለገና በምናሳየው ቴአትር፣ ሁለት ሰው በአንድ ልብስ ገብቶ በሚጫወታት ላም፣ የኋላዋ እኔ ነኝ። በልምምዱ መሐል የፊት እግሮቿ ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ የልብሱ ዚፕ ተጣብቆብኝ ከመጋረጃው ጀርባ ቀረሁ። ሁለት ሰዎች እያወሩ ሲገቡ "ኧረ እዚህ አለሁ" ማለት ነበረብኝ፤ ግን እንደዚያ ሆኖ መታየት ማን ይፈልጋል? በሉ እንግዲህ ወደ ደብዳቤዬ።

ለክቡር ሚስተር ክሪስፒን ቶላንድ፣
የዊተርማርሽ መንደር ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ የአዳራሹ በጎ አድራጎት ማኅበር ሰብሳቢና የሟች አምብሮዝ ጋሮድ ኑዛዜ አስፈጻሚ፤

ክቡር ሆይ፣ ሦስት ወንበር በአንድ ሰውነት የሚሞላው ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የኅዳር ጭጋግ ጉልበትዎን እንዳልያዘው፣ እንቅልፍዎም እንዳልተጓደለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በዚህ ሰሞን በመንደራችን ደህና የሚተኛ ሰው እየጠፋ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግንዎ፣ ሞት ሰውን ሐሳቡን ከመቀየር እንደማያግደው ስላስተማሩን ነው። ሚስተር ጋሮድ መኖሪያ ቤታቸውን ላስታመመቻቸው የእህታቸው ልጅ ለኡና፣ በከተማ ያሉትን ሱቆች ደግሞ ለሁለቱ የወንድማቸው ልጆች ተናዝዘው ሞቱ። አሁን እንደሚያስረዱን ከሆነ፣ ሟች በሞቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ድርሻው የሚነካበት ወራሽ ሊለቅ በፈቃዱ ከፈረመ፣ የግብር ሕጉ ኑዛዜውን ሟቹ ራሱ እንደዚያ እንደጻፈው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ቤቱ ለአዳራሹ ማኅበር ቢሰጥ የውርስ ግብሩ ይቀራል፣ ሱቆቹም ሳይሸራረፉ ለወንድማማቾቹ ይደርሳሉ። የምትሸራረፈው ኡና ብቻ ናት።

አንደኛው ቅሬታዬ የሟቹን ፀባይ ይመለከታል። ሚስተር ጋሮድ ከአዳራሹ ጣራ የሚወርደው ውሃ የቤታቸውን ግድግዳ ካበሰበሰው ወዲህ፣ ለሠርግ ቢጠሩ እንኳ በመንገዱ ማዶ ቆመው እጃቸውን አውለብልበው የሚመለሱ ሰው ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ያልረገጡትን አዳራሽ መቃብር ገብተው እንዲወዱት ያደረጉበት ዘዴ ያስደንቃል፤ እኔንም ወደፊት ምን እንደሚያስወድዱኝ ሳስብ ብርድ ብርድ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ትሕትናዎ። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ማስፈራራት አናውቅም፤ "ግድ የለም" እንላለን እንጂ። እርስዎም በአዳራሹ ውስጥ ለኡና፣ "ኡናዬ፣ እኔ ምንም አላስቸኩልሽም፤ በራስሽ ጊዜ አድርጊው፤ ብቻ ከሐሙስ እንዳያልፍ" ሲሏት፣ ከላሜ ውስጥ ሆኜ ጸጉሬ ቆመ። እሷም፣ "ሚስተር ቶላንድ፣ ሌላ ቤት እኮ የለኝም፤ የት ልውደቅ ነው የሚሉኝ?" አለችዎ። ስለ ሰጧት መልስ ወደ በኋላ አመሰግንዎታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን። ኡና "አስብበታለሁ" ካለች ወዲህ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ሁሉም "ደህና ነሽ ወይ?" ብቻ ይላታል፣ ያውም መልሷን ሳይጠብቅ። በመዘምራኑ አግዳሚ ላይ በግራ በቀኟ ያሉት ቦታዎች ባዶ ናቸው። ሥጋ ሻጯ ሚስስ ክላክስተን እንኳ፣ "ለልጆቻችን መጫወቻ የሚሆነውን አዳራሽ ምነው ቤቱን ባትነፍጊው፣ የኔ እመቤት" ብላ የጠቀለለችውን ሥጋ ሳትሰጣት ትንሽ ያዘችው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ በኡና ጓሮ፣ ከአበቦቹ መሐል፣ ቀይ ቀለም የተቀቡ ካስማዎች ተተክለው ተገኙ፤ ማኅበሩ ለአዳራሹ መኪና ማቆሚያ የሚሆነውን እየለካ ነው አሉ። ገና አልፈረመችም እኮ፣ ክቡር ሆይ!

አሁን ወደ ምስጋናዬ። ኡና "የት ልውደቅ" ስትል፣ ያ ለጋስ ልብዎ አላስቻለውምና እንዲህ አሏት፦ "ፈርሚ እንጂ፣ ከአዳራሹ በላይ ያለችውን ክፍል ያለ ኪራይ እስክትሞቺ እሰጥሻለሁ። ይህ ግን በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።" እንዲህ ያለ ደግነት ተደብቆ መቅረት የለበትም ብዬ፣ ቃልዎን ሳልጨምር ሳልቀንስ በዚህ መጽሔት ለአገር ሁሉ አሳውቄልዎታለሁ። አንዲት ቅጂም ለግብር ቢሮው ልኬያለሁ። እነዚያ ድርቅ ያሉ ሰዎች፣ ወራሽ ድርሻውን የሚለቀው ገንዘብ ወይም ዋጋ ያለው ነገር ተቀብሎ ከሆነ የግብሩ ቅናሽ ይቀራል የሚል ደንብ አላቸው፤ የዕድሜ ልክ መኖሪያ ዋጋ አለው የለውም የሚለውን ግን እርስዎ በቃልዎ ስለሚያስረዷቸው አልጨነቅም። ለወንድማማቾቹም ትናንት የደብዳቤዬን ረቂቅ ሳነብላቸው፣ ታላቅየው ወዲያው የስልክ ቁጥርዎን ጠየቀኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የሚናዘዙትንም፣ ከተናዘዙ በኋላ፣ የማንም እጅ እንዳይነካብዎ ይጠብቅልዎ።

ለክብርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ በሕይወት ያለችና ሐሳቧን ያልቀየረች ጎረቤትዎ፣
ቲርዛ ፐርኪት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ኡና ደወለችልኝ። አንድ ቁልፍ ሠሪ መጥቶ የፊት በሯን ቁልፍ እየለካ ነው፤ ማን እንደላከው ብትጠይቀው "ሚስተር ቶላንድ፤ አርብ ጠዋት እንዲቀየር ብለዋል" አላት። እሷም ሻይ አፍልታ አጠጣችውና፣ ከውስጥ በኩል መወርወሪያ እንዲገጥምላት በራሷ ገንዘብ አሠራችው። አርብ ጠዋት ከእሷ ጋር ከውስጥ ነኝ፤ ማን እንደሚያንኳኳ፣ በምን ዓይነት ትሕትናም እንደሚያንኳኳ፣ አንባቢዎቼ ከእኔው ትሰማላችሁ።