ካባው ለስንት ትከሻ ይበቃል

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሠርፀ፣ ሐዋሳ።

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሕብረትስ? ትንሹ ቂርቆስ ያ ሳል ለቀቀው ወይ? እንደ ሰፈራችን ሰውም ልጠይቅህ፤ አካም ጅርታ፣ ቤትህስ፣ ሥራህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከሚይዛት ብርድ በቀር ደህና ናት፤ ምላሷማ ከድሮውም ብሶበታል።

ባለፈው «የአንዲት አሮጊት ማሳ ምን ያህል ቢያፈራ ነው? መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ እኔ ዘንድ ትምጣ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። በልብስ ፋብሪካ አንድ ሰው በሰዓት ስንት እጅጌ እንደሚሰፋ የምትለካ ሰው ስለሆንህ እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። እማዬ ግን ሳነብላት ነጠላዋን ደርባ ወደ ማሳው ወጣች።

ዘንድሮ በቆሎው ለጉድ ነው የያዘው። የግብርና ባለሙያው ጉሉማ መጥቶ ማሳውን በገመድ ለካና «የቤተሰብሽ ጉልበት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት። «እኔ ብቻ ነኝ» አለችው። አልዋሸችም፤ የጠየቃት ስለ ቤተሰብ ነው። ያረሱትና የሰበሰቡት ግን ተፈናቅለን ከተመለስን ወዲህ በደቦ የሚደርሱላት ጎረቤቶቿ፣ እነ ጨመዳና እነ ሜቲ ናቸው። እዚህ ደቦን ሥራ ብሎ የሚቆጥረው የለም፤ ሰው ሰው ዘንድ መጣ ነው የሚባለው። የገበሬዎች ሽልማቱ ደግሞ ምርቱን በሠራተኛ ቁጥር አካፍሎ ነው፤ እናም ምርቱ ሁሉ ለአንድ ሰው ተጽፎ እማዬ የወረዳው አንደኛ ሆና አረፈችው።

ለሽልማቱ ወደ ወረዳው አዳራሽ ተጠራን። ስሟ ሲነሳ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። የወረዳው ሹሞች ካባ ሊያለብሷት ሲሉ እጃቸውን ያዘችና «ይሄ ካባ ለስንት ትከሻ ይበቃል?» አለቻቸው። ከዚያ እነ ጨመዳን ከኋላ ወንበር በስማቸው እየጠራች አስነሳቻቸው። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ አጨበጨበ። እኔ አለቀስሁ፤ በኩራት ነው፣ እንዳታሾፍብኝ።

ጉሉማ ሰው አክባሪ ነው። በማግስቱ ቤት ድረስ መጥቶ እንደገና ሊያሰላ ተቀመጠ። ደቦ የወጣውን ሰው ሁሉ ሲያስገባ እማዬ ከአንደኛነት ወደ ጭራ ወረደች። የጎረቤቶቿም ማሳ እንዲሁ በደቦ የታረሰ ስለሆነ፣ የማንን ጉልበት ለማን እንደሚጽፍ ጠፋው። እማዬ ደግሞ ጨመረችበት፤ «ሜቲ ስታጭድ ሕፃኗን የያዝሁት፣ ጠላውንም የጠመቅሁት እኔ ነኝ። እሱስ የት ይገባል?» ጉሉማ ራሱን እያከከ «አዴ ጸሐይወርቅ፣ ለሱ እንኳ ቅጼ ላይ ቦታ የለኝም» አላት። አንተም ፋብሪካህ ውስጥ አንዷን ልብስ ሰፊ ልጇን ማን እንደያዘላት ጠይቃት እስኪ።

ያን ዕለት ማታ ደብዳቤህን ድገሚልኝ አለች። ሰምታ ስትጨርስ ይህን ጻፊለት አለችኝ፤ «ለጥምቀት ልጁን ይዞ ይምጣ፣ ናፍቆኛል። እኔ ግን አልነሳም። የጨመዳ ዳጉሳ የሚወቃው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ የሜቲን ልጅ ማን ይይዛል?»

ሕብረትን ሰላም በልልኝ፤ የቂርቆስን ጉንጭ በእኔ ፋንታ ሳምልኝ። ጨመዳና ሜቲ፣ ጉሉማም ሳይቀር ሰላም ብለውሃል። ይህን ደብዳቤ ከነቀምቴ ሐዋሳ እየተመላለሰ የሚነግደው ረዲ ያደርስልሃል፤ ከማሳችንም ጥቂት በቆሎ አብሮ አለ። ካባውን ብትጠይቀኝ እኛ ቤት የለም። አሁን ጨመዳ ጋ ነው፣ ቀጥሎ ሜቲ ትወስደዋለች፤ የእማዬ ተራ የመጨረሻው ነው።

እህትህ እምነት
አያና፣ ጊዳ አያና
ታኅሣሥ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.