ሾኩን እንዳዘዙኝ አስቀይሬያለሁ

ለተከበሩ የመንደራችን መንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ ወገብዎ እንዴት እንደሰነበተ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ እኛ ቤት ሰሞኑን ከወገብ ሌላ ወሬ የለምና።

ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ምስጋናዬ በግል ቢነገር ያንስብዎታል ብዬ ስለሰጋሁ ነው። ባለፈው እርስዎ ደጃፍ በተደረገው የመንደር ስብሰባ ላይ፣ እዚያው ያሠሩት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከልክ በላይ ከፍ ማለቱንና እናቴን ለወገቧ ሕክምና ይዤ ስመላለስ ሕመሟን እንደሚያብስባት በትሕትና ባመለክት፣ እርስዎ ሰው ሁሉ እንዲያይዎ እዚያው ጉብታ ላይ ወጥተው፣ ችግሩ የመኪናዬ እንጂ የጉብታው እንዳልሆነ፣ ያቺን አሮጊት መኪና መንገጫገጭ የሚያበርደውን ሾክ አብዞርበሯን ባስቀይርላት እናቴ አልጋዋ ላይ የተኛች ያህል እንደሚመቻት አስረዱን። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም።

ምክርዎን ተቀብዬ የፈጸምኩትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በማግስቱ መኪናዋን ወደ መካኒኬ ወሰድኳት። መካኒኩ ማስረዳት የሚወድ ሰው ስለሆነ የፊቷን ጥግ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ ለቀቃትና፣ ሾኳ ደህና የሆነ መኪና አንዴ ተነሥታ ቀጥ እንደምትል፣ ሾኳ ያለቀባት ግን መወዛወዟን እንደማትተው ነገረኝ። የእኔዋ እርስዎ ሲናገሩ እንደሚያዳምጡት የኮሚቴ አባላት ራሷን ስትነቀንቅ ቆየች። ሾኩ ዘይትም ያንጠባጥብ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ትክክል ነበሩ፤ ይህንን ሳልሸሽግ መመስከር ግዴታዬ ነው። አንዱን ብቻ መቀየር ሌላውን ያለጊዜው እንደሚጨርሰው ስለተነገረኝም የፊቱን ጥንድ አንድ ላይ አስቀየርኩ።

ሁለተኛ፣ በአዲሱ ሾክ ጉብታዎን ስንሻገር የመኪናዋ ፊት ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ኋላዋ ግን እናቴን ከመቀመጫዋ አንሥቶ መለሳት። ይህንን በርዎ ላይ ቆመው የተመለከቱት እርስዎም፣ የኋላውንስ መቼ ልትቀይረው ነው ብለው በደግነት ጠየቁኝ። የኋላውንም አስቀየርኩ። ሾኩ ከመኪናዋ ጋር የሚታሰርባቸው ትንንሽ ላስቲኮችም ደርቀው እንደ ብስኩት ይፈረፈሩ ስለነበር፣ እነሱም ተቀየሩ።

ሦስተኛ፣ አሁን መኪናዋን በየትኛውም ጥግ ቢጫኗት አንዴ ተነሥታ ቀጥ ትላለች። በሌላው መንገድ ሁሉ እናቴን እንቅልፍ ይወስዳታል። እርስዎ ደጃፍ ስንደርስ ግን የመኪናዋ ሆድ ጉብታውን ይፍቃል፤ መካኒኩም ለእንዲህ ያለ ጉብታ የሚሆን ሾክ ገና እንዳልተሠራ በሐዘን ገልጾልኛል። ስለዚህ እናቴ ከመኪናው ትወርድና ምርኩዟን ይዛ ጉብታውን በእግሯ ትሻገራለች፤ እግረ መንገዷንም ባለቤትዎን ሰላም ትላለች፤ እኔም ጉብታውን እየፋቅሁ ተሻግሬ ከወዲያ በኩል አሳፍራታለሁ።

የእርስዎ በር ከጉብታው በዋናው መንገድ በኩል ስለሆነ መኪናዎ አንድም ቀን ተሻግሮት እንደማያውቅ አውቃለሁ፤ አርቆ አሳቢነትዎንም አደንቃለሁ። ግራ የገባኝ ግን ቀጥሎ ምን ልቀይር የሚለው ነው። ከመኪናዋ የሚቀየረው ሁሉ ተቀይሯል። የቀረው የእናቴ ወገብ ነው፤ እሱ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ሐኪሟ ሕክምናውን ካቋረጠች መራመድ ልታቆም እንደምትችል ነግረውናል፤ እሷም ትናንት፣ ተወኝ ልጄ፣ ከእንግዲህ ይቅርብኝ አለችኝ። ክቡር ሰብሳቢ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀብኝ። ጉብታው ትንሽ ዝቅ ቢል መኪናው ሁሉ አሁንም ቀስ ብሎ ያልፋል፤ እናቴም በእግሯ እንደቆመች ትኖራለች። የምለምንዎ ይህንኑ ብቻ ነው።

ደጃፍዎን ባለፍኩ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እያልኩ አክብሮቴን የምገልጽልዎ፣
የአሮጊቷ መኪና ባለቤትና የባለምርኩዟ እናት ልጅ።

ሳልነግርዎ እንዳልረሳው፦ ይህንን ደብዳቤ ለእናቴ ባነብላት ሐሳቧን ለውጣ ሕክምናዋን ላታቋርጥ ወስናለች። ከሕክምና ስትመለስ ግን መውረድ መውጣቱን ስለማትችለው፣ ጉብታው ዝቅ እስኪል ድረስ ከጉብታው በዋናው መንገድ በኩል፣ ማለትም እርስዎ ቤት ለመሰንበት ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ባለቤትዎ እግዜር ይስጣቸውና የእርስዎን አልጋ ለቀውላታል። ትራሷንና መድኃኒቷን ዛሬ ከሰዓት በኋላ በእግሬ አመጣለሁ፤ ሾኩ ገና አዲስ ነው። እርስዎን ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ እንደሚያነጥፉልዎ ነግረውናል፤ ትንሽ ይጎረብጣል አሉ፤ ወገብዎን አደራ።